ጠዋት ሠላሳ፣ ማታ ሠላሳ

በዚያ ሳምንት ደብተሩ የመጣው በፖስታ ነበር።

ያለፉትን ስድስት ቅዳሜዎች የምታመጣው ፔይቼን ራሷ ነበረች፤ ጥጉ ሻይ ነክቶት፣ ሽፋኑ ላይ አዲስ ድመት ተስሎበት። አሁን ግን በቡናማ ፖስታ ታሽጎ፣ «ታይናን፣ የሕፃናት ማገገሚያ ክፍል፣ ለጂያን ዩሮንግ» ተብሎ፣ ሰው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚጽፍበት የክት ጽሕፈት ተጽፎበት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጧል። ዩሮንግ ሳትከፍተው ልቧ ነገራት።

ፔይቼን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ሊያኦ ቲንግሃይ አንድ ኩላሊቱን ከሰጣት ዓመት ከሁለት ወር ሆኗል። አዲሱ ኩላሊት ሥራውን በደንብ ቢይዝም፣ ከዚያ በፊት በደም እጥበት ያለፉት ዓመታት ጡንቻዋን፣ የትንፋሿን ጡንቻ ጭምር፣ በልተውት ነበር። ትምህርት ቤቷ ሁለተኛ ፎቅ ለመድረስ ደረጃው መሐል ትቀመጣለች። ለዚህ ነው የማገገሚያ ባለሙያዋ ዩሮንግ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ቱቦ የሰጠቻት። ቱቦዋ ውስጥ ሽቦ ሞላ አለ፤ ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ አየር ስትስብ ሞላው ይታገላታል። ጠዋት ሠላሳ ጊዜ፣ ማታ ሠላሳ ጊዜ። ሞላውን የምታከብደው ብሎን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትጠብቃለች።

«ቀዳዳው በተደፈነ ስትሮ ሻይ እንደመምጠጥ ነው» ብላ ነበር ፔይቼን የመጀመሪያ ቀን። «ሻዩም የለበትም።»

ደብተሩ የትንፋሹ መቁጠሪያ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ጠርዝ ላይ ግን አባትየው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሠላሳውን ጨርሳለች። ሁለት ጊዜ አልቅሳለች። አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ።» ዩሮንግ ከሥሩ፣ «ማልቀስም የትንፋሽ ጡንቻ ያሠራል፤ ለሁለታችሁም ይቆጠራል» ብላ መለሰች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጠርዙ ጠበበ፤ ጽሑፉ ወደ ገጹ ጀርባ ተሻገረ። በአራተኛው ሳምንት የመጣውን በቃሏ ይዛዋለች፦ «ዛሬ ሳትቀመጥ እስከ አትክልቱ ቦታ ጫፍ ሄደች። ከኋላዋ ቆሜ ይህን ለማን ልንገር ብዬ አሰብኩ። የመጡብኝ እርስዎ ነዎት።»

እሷ የመለሰችው «ነገሩኝ እኮ» ብላ ብቻ ነበር። ሌላ አልጻፈችም፤ መጻፍም አይገባትም ነበር። እሱ የታካሚዋ አባት ነው። ሚስቱ ሌላ ኑሮ ይዛ ታይፔ ከገባች ሰባት ዓመት ያለፋት፣ የባሕረ ሎሚ ገበሬ። እሷ ደግሞ የሐኪም ልጅ ናት፤ እናቷ የጥርስ ሐኪም መርጣላት፣ ጋብቻው ለጨረቃ በዓል ማግስት እንዲቆረጥ የምትጠብቅ።

ፖስታውን ከፈተችው።

«ክብርት ባለሙያ ጂያን፤ ከእንግዲህ ቅዳሜ አንመጣም። ስላደረጉልን ሁሉ እናመሰግናለን። ደብተሩን የመለስኩት የእርስዎም ጽሑፍ ስላለበት ነው። ሊያኦ ቲንግሃይ።»

ያለፈው ቅዳሜ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። የፔይቼን እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የደም ምርመራው ሲመጣ፣ ሰውነቷ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የምትወስደው መድኃኒት በደሟ ውስጥ ከሚገባው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የኩላሊት ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰና፣ «ምን የተለወጠ ነገር አለ? እስኪታወቅ ድረስ ስፖርቱም ይቁም» አለ። የልጅቷ አያት እማማ ቺን ጣታቸውን ቀስረው፣ «የተለወጠው ይሄ ቱቦ ነው» አሉ። ቲንግሃይ ዝም አለ። ዩሮንግን አላያትም። ያ ዝምታ ሳምንቱን ሙሉ እንደ እሾህ ሲወጋት ሰንብቷል።

«ምንድን ነው ፊትሽ?» አለች የሥራ ባልደረባዋ ሱዌን፣ የሩዝ ሣህኗን ይዛ ከበሩ።

«ፔይቼንን ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያዥልኝ። የማስረከቢያውን ወረቀት ፈርሜያለሁ።»

«ለምን?»

«ነገ ማዱ፣ ቤታቸው እሄዳለሁ። ባለሙያዋ ሆኜ መሄድ አልችልም።»

ሱዌን ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ወይ ጉድ! በመጨረሻ! እኔማ ስድስት ሳምንት ሙሉ እየጠበቅኩ ነበር። ያንን ደብተር የምትገልጪው እኮ ሰው የሎተሪ ቁጥሩን እንደሚያይ ነው።»

ዩሮንግ ልትስቅ ሞከረች። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

*

በማዱ የባሕረ ሎሚ ለቀማ ተጀምሯል። በእማማ ቺን ግቢ የተለቀመው ፍሬ ጆንያ ላይ በረድፍ ተዘርግቶ ያርፋል፤ ቆዳው ሸብሸብ እስኪልና ውሃው ተሰናብቶ ጣፋጩ እስኪቀር ማንም አይነካውም። የጓዳው በር ላይ ቲንግሃይ በቀይ ቀለም በትልቁ ጽፏል፦ ፔይቼን ባሕረ ሎሚ አትብላ። ይህ ፍሬ ከመድኃኒቷ ጋር እንደማይስማማ ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ ተነግሯቸው ነበር። የአባቷ ዛፎች የሚያፈሩትን ጎረቤት ሁሉ ይበላዋል፤ እሷ ብቻ አትቀምሰውም።

እማማ ቺን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድስት ያማስላሉ። ቀና አሉና፣ «የቱቦዋ እመቤት መጣች» አሉ።

«ደህና አደሩ እማማ?»

«እኔማ አድሬያለሁ። አንቺ ግን ያደርሽ አትመስዪም። ዓይንሽ ሥር ጥላሸት ነው የተቀባሽው?»

«ፔይቼን የት አለች?»

«ተኝታለች። ቱቦሽ አድክሟት።» ማማሰላቸውን ቀጠሉ። «ብቻ እኔም ዝም ብዬ አላየሁም። ባቅሜ እየረዳኋት ነው።»

ከድስቱ የስኳርና የምሬት ሽታ ተነሣ። ዩሮንግ ጠጋ አለች። «ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«የደረት መድኃኒት ነዋ። አክታ ይቆርጣል፣ ሳንባ ይከፍታል። እናቴ ለኔ፣ እኔ ለልጄ…»

«ከምን ነው የሚሠራው?»

«ከልጣጭ።»

«ከምን ልጣጭ?»

አሮጊቷ ግቢውን ሙሉ በማማሰያቸው አሳዩዋት። «እዚህ ቤት ታዲያ የምን ልጣጭ ይኖራል? የአምናው፣ ደርቆ የከረመው። የቆየው ነው ኃይለኛው።»

ዩሮንግ ድስቱን አየች። እዚያው አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እንዲህ አትዪኝ!» አሉ እማማ ቺን ተቆጥተው። «ፍሬውን አንዲት ፍልቃቂ አላስቀመስኳትም! በሩ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ ፊደል ባልቆጥርም፣ አውቀዋለሁ። አትብላ ነው የሚለው። ስለ ልጣጭ ምንም አይልም። ልጣጭ ደግሞ ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰጧት?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት። ያን ጊዜ ብሎኑን ስታጠብቂው ጊዜ ልጅቷ ‹ይከብዳል አያቴ› አለችኝ። አንቺ በዚያ ስታጠብቂባት እኔ በዚህ ላላ ላድርግላት ብዬ ነው።»

ዩሮንግ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ጣቶቻቸው በዘይተኛው ልጣጭ ብጫ ሆነዋል። ፍሬው የሚያደርገውን ልጣጩም እንደሚያደርግ፣ መድኃኒቱን በልጅቷ ሰውነት ውስጥ እንደሚያከማቸው ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ነገረቻቸው። እማማ ቺን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ።

«ገደልኳት?»

«አልገደሏትም። ዛሬ ይቆማል፣ መጠኑም ይወርዳል። አሁኑኑ ሐኪሙ ጋ እደውላለሁ።» ደወለች። ሐኪሙ ልጅቷን ከሰዓት በፊት እንዲያመጧት፣ ከድስቱም በማሰሮ ጨምረው እንዲይዙ አዘዘ።

ዩሮንግ ስልኩን ስትዘጋ እማማ ቺን ድስቱን አንሥተው ከውጭ አስቀምጠውታል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል።

«ቱቦሽን በከንቱ አማሁት» አሉ። «ላንቺ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብኝ። እናትሽ ማክሰኞ እዚህ መጥታ ነበር።»

«እናቴ?»

«የጨረቃ ኬክ በሣጥን ይዛ። ሻይ ቀዳሁላት፣ አልጠጣችም። ‹ልጅዎ ያለው አንድ ኩላሊት ነው። ልጄን ለግማሽ ሰው አልሰጥም› አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችው፣ ስድብ የለበትም። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ማታውኑ ወረቀት አውጥቶ ተቀመጠ።»

ለእናቷ የነገረቻት ራሷ ዩሮንግ ነበረች፤ የጥርስ ሐኪሙን እምቢ ያለችበት ማታ፣ «ማነው ታዲያ?» ስትባል ስሙን ሳትሸሽግ ተናግራ። ይሄው ስሙ ዞሮ እዚህ ድረስ መጥቷል።

እንግዲያውስ ቲንግሃይ አልፈረደባትም። ደስታና ቁጣ በአንድ ጊዜ መጡባት፤ የትኛው እንደሚበልጥ ራሷም አላወቀችም።

*

ቲንግሃይን አንድ አሮጌ ዛፍ ሥር፣ መቀሱን እንደያዘ አገኘችው። አንገቱ ላይ ፎጣ አለ። ሲያያት ፎጣውን አወረደው፤ መልሶ ደግሞ አደረገው።

«ሐኪሙ ላከዎት?»

«ማንም አልላከኝም።»

ስለ ልጣጩ ነገረችው። ቅርጫቱን ገልብጦ ተቀመጠበት። «እናቴ…» አለ፤ ቃሉን አልጨረሰውም።

«እንዳይቆጧቸው። ልጅቱን አንሥተን አሁን ታይናን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለኝ። እናቴ ምን እንዳለች ሰምቻለሁ።»

ቲንግሃይ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። «እናትዎ አልዋሹም። ሠፈሩ ስለኔ ምን እንደሚል ያውቃሉ? ‹ሰውየውስ ጥሩ ነው፤ ግን ኩላሊቱ› ይላሉ። የወንድ ጉልበቱ ኩላሊቱ ውስጥ ነው ሲሉ ነው ያደግነው። ይህን እያወቅኩ ነው የሰጠኋት። አንድም ቀን አልቆጨኝም።»

«ታዲያ?»

«ያለፈው ቅዳሜ ሐኪሙ ሲጠይቅ ያላየሁዎት ለምን መሰለዎት? ካየሁዎት ፊቴ ላይ ሁሉም እንዳያነበው ፈርቼ ነው። ልጄ በቂዬ ናት። በርስዎ ግን… ለርስዎ ግማሽ ነገር ልሰጥ አልፈልግም።»

ዩሮንግ ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣችና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ለሠላሳ ሦስት ዓመት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የኖረች ሴት አሁን ቀጥ ብላ ቆመች።

«ግማሽ ከሆንክ ሌላው ግማሽህ የት እንዳለ አውቀዋለሁ» አለች። «በየቅዳሜው እየመጣች ታናድደኛለች። የምርመራ ቅጼ ላይ ድመት ትስልብኛለች። አንዱን ግማሽ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስወድ ማንም አልከለከለኝም። ሁለተኛውን ልትከለክለኝ አንተ ማነህ?»

«ዩሮንግ…»

«አልጨረስኩም። ፔይቼንን ለሱዌን አስረክቤያታለሁ፤ ከእንግዲህ ባለሙያዋ አይደለሁም። ጠርዝ ላይ መጻጻፍም አብቅቷል። የምትለው ካለህ እናቴ በር ላይ ቆመህ በላት። የምትለው ከሌለህ ደግሞ ዓይኔን እያየህ የለኝም በለኝ፤ በፖስታ አይደለም።»

ከሩቅ የሌሎች ለቃሚዎች ሳቅ ይሰማል። ቲንግሃይ ደብተሩን በሁለት እጁ ያዘው። ከዚያ ዓይኑን አነሣ፤ ያለፈውን ሳምንት የነፈጋትን ያህል፣ አስተካክሎ አያት።

«የናትሽ ቤት ስንት ፎቅ ነው?»

«አራት። አሳንሰር የለውም።»

«ያደክማል» አለ፤ ፊቱም ፈታ አለ። ‹አንቺ› ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዩሮንግ ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች፤ ዓይኗ የሞላውን ሰው እንዲያይባት አልለመደችም።

*

ልጣጩ በቆመ በሳምንቱ የመድኃኒቱ መጠን ወደ ቦታው ተመለሰ። ቱቦዋም ወደ ፔይቼን ከንፈር ተመለሰች። በበዓሉ ዋዜማ የስድስት ደቂቃው የእግር ጉዞ ፈተና በሆስፒታሉ መተላለፊያ ተካሄደ። ሰዓቱን የያዘችው ሱዌን ናት። እማማ ቺን ግድግዳ ተደግፈው፣ «ሩጪ! ሩጪ እንጂ!» ሲሉ፣ «እማማ፣ መሮጥ ክልክል ነው» አለቻቸው። «ታዲያ ያን ሁሉ ስታጠብቁባት የከረማችሁት ለምንድን ነው?» አሉ። ፔይቼን እየሳቀች ተራመደች፤ ሳቋም ትንፋሿን አላቋረጠው። መጀመሪያ ቀን አራት መቶ ሁለት ሜትር ነበር። አሁን አራት መቶ ሰባ አንድ። ዩሮንግ ከመስታወቱ ጀርባ፣ እንደ ማንኛውም ዘመድ፣ ቆማ አየች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ የከተማው ሰው ለጨረቃዋ በዓል ከየበሩ ፊት ከሰል ማቀጣጠል ሲጀምር፣ ሦስቱ የዩሮንግ እናት ቤት ደረጃ ሥር ደረሱ። ቲንግሃይ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«እዚያ ስደርስ ምን ልበል?»

«እውነቱን።»

«እውነቱ አጭር ነው።»

ፔይቼን አልጠበቀቻቸውም። የእግሯ ኮቴ ከላያቸው ሲወጣ፣ ሲርቅ ሰሙት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ደወሉ ጮኸ። የብረት በሩ ተንቋቋ፤ የእናቷ ድምፅ ወረደ። ዩሮንግ የደረጃውን ድጋፍ ይዛ ቆመች።

«ማነሽ አንቺ?»

«ፔይቼን ነኝ። እነሱ ገና ሁለተኛው ላይ ናቸው።»

«ብቻሽን ነው የወጣሽው?»

«ሳላርፍ። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ካላመኑኝ መቁጠር ይችላሉ።»

የዩሮንግ እናት፣ ድምፅዋ ቀጠን ብሎ፣ «የታመመችው ልጅ አንቺ ነሽ?» አለች።

«ታምሜ ነበር። አሁን ኩላሊቱ እኔ ጋ ነው። እዚህ፣ ከፊት። ሰው ሁሉ ከጀርባ ነው የሚመስለው።»

ቲንግሃይና ዩሮንግ ቀሪውን ደረጃ ሳይነጋገሩ ወጡ። እናቷ ከውጭኛው የሽቦ በር ጀርባ፣ ፀጉሯ በሥርዓት ተሠርቶ፣ መቀርቀሪያውን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። አልከፈተችም።

«አቶ ሊያኦ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለች። «ስንት ዓመት ይኖሩላታል?»

«እማዬ!»

«እሱን ነው የጠየቅሁት።»

ቲንግሃይ ላቡን አልጠረገም። «አላውቅም፣ እመቤቴ። ሐኪሞቹ እንደማንኛውም ሰው ትኖራለህ ብለውኛል። ማንኛውም ሰው ስንት እንደሚኖር ግን አልነገሩኝም። ያለኝን ያህል ለሷ ነው። ከዚህ የረዘመ ነገር ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።»

«ባሌ ሐኪም ነበር» አለች እናቷ። «አርባ ዓመት አብረን እንኖራለን ብሎኝ ነበር፤ አስልቶ፣ የአያቶቹን ዕድሜ ቆጥሮ። አሥራ አራት ሰጠኝ። እሱ ሁለት ኩላሊት ነበረው።»

ዩሮንግ ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሃያ ዓመት፣ እዚህ ቤት ስለ እሱ የሚወራው ስለ ፎቶው አቧራ ብቻ ነበር።

«ልጄ እኔ በተቀመጥኩበት እንዳትቀመጥ ነው የፈለግሁት። ክፉ ሴት ሆኜ አይደለም።»

«እማዬ» አለች ዩሮንግ፤ እንደ ፈራችው ድምፅዋ አልተሰበረም። «አሥራ አራቱ ዓመት ባይኖሩሽ ይሻልሽ ነበር?»

ከታች ጎረቤቶቹ ከሰሉን ሲያራግቡ ይሰማል። ከዚያ የመቀርቀሪያው ብረት ቀጭ አለ፤ በሩ ተከፈተ።

«ግባ» አለችው። «ልጅቷን ደጅ አቁመን ምን ዓይነት ወግ ነው?» ወደ ፔይቼን ጎንበስ አለች። «ጫማሽን እዚያ አውልቂ። ለአባትሽ ከታችኛው መደርደሪያ ቡናማውን ነጠላ ጫማ አውጪለት።»

ዩሮንግ ቀና አለች። እናቷ ቡናማውን ነጠላ ጫማ በየዓመቱ አውጥታ ትወለውለዋለች፣ በፀሐይ ታደርቀዋለች፣ መልሳም ቦታው ታስቀምጠዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ገብቶበት አያውቅም።

ፔይቼን በሁለት እጇ ይዛው መጣች። ቲንግሃይ የማን እንደሆነ ሳይነገረው የገባው ይመስል፣ ቀስ ብሎ፣ አንዱን እግሩን፣ ከዚያ ሌላውን አገባ። ትንሽ ሰፋው። እናቷ ወደ ማድ ቤት ዞረች፤ በሩን ግን ማለፍ አቅቷት ቆመች። ዩሮንግ ከኋላዋ ደርሳ እቅፍ አደረገቻት፤ ሁለቱም ሳያፍሩ አለቀሱ።